ጠፍቶ ያልጠፋ ሰው



ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እንዲያውም በዕድሜ የገፉት አባቶቻችን «ይህም ነገር ሆኖ ይጻፍበታል?» ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን በየቤታችን፣ በልጆቻችን ስልክ ውስጥ በየዕለቱ የሚደርስ፣ እናትና አባት ሳያውቁት የልጃቸውን እንቅልፍ የሚነሣ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው «ለኒካሕ እፈልግሻለሁ» ብሎ በስልክ ሲጽፍና ሲደውል ወራት ያስቆጥራል። ከዚያም አንድ ቀን ሳይጣላ፣ ሳይሰናበት፣ ምክንያቱን ሳይናገር ድምፁን ያጠፋል። አልሞተም፤ አልታመመምም። ስልኩ ይሠራል፤ ለሌላው ሰው ይመልሳል። ለአንቺ ብቻ የለም። ፈረንጆች መንፈስ ሆኖ መሰወር እንደማለት «ጎስቲንግ» ይሉታል። የእኛ ልጆች ደግሞ «ሲን አድርጎ ዝም አለኝ» ይላሉ። ስሙ ምንም ይሁን ምን የሚያደርሰው ሕመም አንድ ነው።

እህቴ ሆይ! ይህ ደርሶብሽ ከሆነ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። የሚያመው ሰውዬው ሳይፈልግሽ መቅረቱ ብቻ አይደለም። አለመፈለግ ለወንዱም ለሴቷም የተሰጠ መብት ነው። ሽማግሌ ልኮ ባዶ እጁን የተመለሰ ስንት አለ! እምቢ የተባለ ሰው ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ዱዓ ያደርጋል፤ ከዚያም ቀኑ ሲመሽና ሲነጋ ነገሩ ያልፋል። ዝም የተባለ ሰው ግን የሚያዝንበትን እንኳ አያውቅም። ምን አጠፋሁ? ክፉ ነገር ደርሶበት ይሆን? ወይስ ሰው ነገር አቀበለው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ የለምና ልብ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ ጠያቂም መላሽም ሆኖ ያድራል።

የምኖረው ጋምቤላ ከተማ ነው። አባቴና እናቴ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ወገኖች ናቸው። እኔ የተወለድሁት እዚሁ ባሮ ወንዝ አጠገብ ነው። ንግዴ ደግሞ ትየርኪዲ ነው። ትየርኪዲን የማታውቁ ትኖራላችሁና በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ የተነሣው ጦርነት የደቡብ ሱዳንን ሕዝብ ሲበትነው፣ ድንበር ተሻግሮ ለመጣው ወገን በየካቲት 2006 ተከፈተ። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ኑዌሮች ናቸው፤ ሴቶችና ሕፃናት ይበዛሉ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ስለሚኖርበት መጠለያ ይባል እንጂ ከተማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገበያም አለው። እኔም በዚያ ገበያ ስኳር፣ ሳሙናና ሻይ ቅጠል እሸጣለሁ፤ የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ፤ በፀሐይ ኃይል የሰውን ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ማን የማንን ድምፅ እንደሚጠብቅ ሳይጠይቅ ያውቃል። ስልኩን ሰጥቶ ሄዶ ማታ የሚወስድ አለ፤ ሰጥቶ እዚያው ቁጭ ብሎ መብራቷን የሚያይም አለ።

«ለምን በስልክ?» ብላችሁ የምትጠይቁ ወላጆች አትጠፉም። በ1991 ወይም በ1992 ዓ.ም. ቢሆን እኔም እንዲሁ እጠይቅ ነበር። ነገር ግን የክልላችንን ሁኔታ አስቡት። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ ሙስሊሙ ከመቶ 5 ያህል ነበር። በአንድ መስጊድ የምንሰግድ ቤተሰቦች ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ልጆቻችን አብረው ያደጉ፣ እንደ ወንድምና እኅት የሚተያዩ ናቸው። ወላጅ ዘመድ ፍለጋ ወደ ደሴ ወይም ወደ ከሚሴ ካልተጓዘ በስተቀር የቀረው መንገድ ስልክ ነው። የዐረብ አገር ሠራተኞቻችንም በኢሞ፣ የአገር ቤቶቹም በቴሌግራምና በፌስቡክ ይህንኑ እያደረጉ ነው። ስልኩን ማውገዝ የጥቂቶችን መንደር ሰፊ አያደርገውም።

የእኔም እንዲሁ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የሃይማኖት ትምህርት በሚለቀቅበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው የተዋወቅነው። በመሐል አገር የሚኖር፣ አነጋገሩ የሰከነ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ወር ለእናቴ ነገርኋቸው። ታላቅ ወንድሜም ሁለት ጊዜ በስልክ አነጋግሮት «ጨዋ ነው» ብሎ ነበር። ነገሩ እየገፋ ሄደና «ከረመዷን ዒድ በኋላ ሽማግሌ ይመጣል» ተባለ። እናቴ በርበሬ አስፈጩ፤ ቅቤ አስቀመጡ። ለጎረቤትም፣ ደስታ አያስችልምና፣ ጫፍ ጫፉን ነገሩ።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. መልእክቱ ቆመ። ያን ሰሞን ነገሩ በአገሪቱ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር፤ ታስታውሱታላችሁ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩትዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ ድረስም አልተለቀቁም። ስለዚህ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው «ኔትወርክ ይሆናል» አልሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። በእኛ አገር «ኔትወርክ ይሆናል» ብላ የምትጠብቅን ሴት ሞኝ ማለት አይገባም። በሰኔ 2011 ኢንተርኔት ጠፍቷል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልኩም ሁሉ ተቋርጦ፣ ለሁለት ዓመት ገደማ እናት የልጇን ድምፅ ሳትሰማ የቆየችበት ጊዜ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ የአማራ ክልል ነዋሪዎችም ይህንኑ ቀምሰዋል። ሌላው አገር ዝም ያለ ሰው ሆን ብሎ ዝም ማለቱ ቶሎ ይታወቅበት ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ዝምታ ሁሉ መንገድ መዘጋት ሊሆን ይችላል። ለወንድም በጎ መጠርጠር፣ ሑስኑ-ዝ-ዘን የምንለው፣ በዚህ ላይ ሲጨመር ወራት ይነጉዳሉ።

ስልኩ ራሱ ነገሩን ያወሳስበዋል። በቴሌግራም አንዷ ምልክት መልእክቱ መሄዱን፣ ሁለቱ ደግሞ መከፈቱን ይናገራሉ። የዘጋብሽ ሰው ዘንድ የምትልኪው አንዷ ላይ ይቀራል፤ ኔትወርክ የሌለው ሰው ዘንድ የምትልኪውም አንዷ ላይ ይቀራል። ከዚያች ከአንዷ ጭረት ምን ይነበባል? ምንም። እኔ ግን ስንት ሌሊት እንዳነበብኋት!

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ካርድ ሊገዙ የሚመጡት የትየርኪዲ ወጣቶች ቪፒኤን የሚባለውን አስጫኑኝ። እነሱ ዓለሙን ሁሉ በእርሱ ነው የሚያገኙት። ከፈትሁት። የእኔ መልእክቶች ሁለት ሁለት ምልክት ሆነው ተደርድረዋል። እርሱም በዚያው ቡድን ውስጥ ለአንድ ወንድም ጥያቄ ረጅም መልስ እየጻፈ ነበር። ስለ ትዕግሥት ነበር የሚጽፈው፤ ይህን የምለው ለመሳቅ አይደለም።

የሱቄ ደንበኛ የሆነች አንዲት የኑዌር ሴት አለች። በየሁለት ቀኑ ስልኳን ቻርጅ ታስደርጋለች። ባሏን የተለያየችው በዚያው በታኅሣሥ 2006 ነው። ልጆቿን ይዛ በፓጋክ በኩል ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ የሰማችው የለም። ስሙን ለቀይ መስቀል ሰጥታለች። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴና የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጋምቤላ መጠለያዎች ለተለያዩ ቤተሰቦች ነፃ የስልክ ጥሪ ሲያስደውሉ፣ የጠፋ ሰው ሲያፈላልጉ ዓመታት ቆይተዋል። እርሷም ከመጣች ጀምሮ አንዱን ቁጥር ይዛ አልቀየረችም፤ ቁጥሩን ለብዙ ሰው ሰጥታዋለችና ድንገት የሚደውል ቢኖር ብላ ነው። በተሰባበረ አማርኛዋና በእኔ በተሰባበረ ዐረብኛ እንግባባለን።

ያን ቀን ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት።

«ሞተ?» አለችኝ።

«አልሞተም።»

«ጦርነት አለ እዚያ?»

«የለም።»

«ታየዋለሽ?»

«ለሌላው ሰው ሲጽፍ አየዋለሁ።»

ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ታዲያ ይህ ጠፋ ይባላል? የእኔው ነው የጠፋው። ያንቺው አለ» አለችኝና ስልኳን ይዛ ሄደች።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ የረዳኝ ይህ ነው። የእርሷ መጠበቅ ትርጉም አለው። የእኔ ግን በሌላ ሰው ውሳኔ ላይ የተመሠረተ፣ ውሳኔውም ከተወሰነ የቆየ ነገር ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ በእነሱ ባህል ጥሎሹ ከብት መሆኑን፣ ነገሩ ከፈረሰ ከብቱ ተቆጥሮ እንደሚመለስ አጫወተችኝ። ከብት ሲነዳ መንደሩ ሁሉ ያያል። ማንም «ምን ሆነው ይሆን?» ብሎ አያድርም። እኔም በልቤ፣ እኛስ ይህን የሚመስል ነገር አልነበረንም ወይ? ብዬ አሰብሁ።

ነበረን እንጂ! ሽማግሌ ሲላክ «እንመካከርበት» ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ፈቃድ ከሌለም «ልጅቷ ገና ናት» ይባላል፤ ወይም ድንገት ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ዝምድና ይገኛል። ሁሉም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ማንም አይዋረድም፤ ማንምም ያለ መልስ አይቀርም። በሸሪዓችንም እንደዚሁ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሰው ወንድሙ ባጨው ላይ እንዳያጭ የከለከሉት የፊተኛው እስኪተው ወይም እስኪፈቅድ ድረስ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ መተዉ ካልታወቀ ሌላው እንዴት ይመጣል? ትቶ ዝም ያለ ሰው የሌላውንም መንገድ ዘግቶ ቆሟል ማለት ነው። በእኛም ቤት ከዒዱ በፊት አንድ ሌላ ቤተሰብ ጠይቆ፣ አባቴ «ቃል አለ» ብለው መልሰዋቸዋል።

ዝምታ እንደ መልስ የሚቆጠርበት አንድ ቦታ አለ። ልጃገረዲቱ ስለ ኒካሕዋ በወሊይዋ ስትጠየቅ ብታፍርና ዝም ብትል ዝምታዋ ፈቃድ ነው። ይህ ግን በፊቷ ተጠይቃ፣ ጠያቂዋም ፊቷን እያየ የሚሆን ዝምታ ነው። በስልክ መስኮት ላይ ከሚደርሰው ዝምታ ጋር ምን አገናኘው?

ወዲያው ትዝ ያለኝ ግን ሌላ ነው። ሊቃውንት «መፍቁድ» ብለው ስለ ጠፋ ባል በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ በሰፊው ተነጋግረዋል። ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ (ረ.ዐ.) ባሏ ጠፍቶ የት እንዳለ የማታውቅ ሴት አራት ዓመት ትጠብቅ፣ ከዚያ የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን ትቁጠር፣ ከዚያ በኋላ ማግባት ትችላለች ብለው መፍረዳቸው ተዘግቧል። ኢማሙ ማሊክ ይህን ይዘዋል። ሌሎች መዝሀቦች ደግሞ እጅግ የረዘመ ጊዜ አስቀምጠዋል። በስልክ የተነጋገረ ሰው ባል አይደለምና ይህ ሕግ እኔን አይመለከትም፤ ዒዳም የለብኝም። ያስገረመኝ ግን ይህ ነው፤ ለተከበረው ጋብቻ እንኳ፣ ሰውዬው በሕይወት ሊኖር በሚችልበት ጊዜ እንኳ፣ ለመጠበቅ ማብቂያ ሊሰጠው እንደሚገባ ታስቧል። የሚያበቃውም የጠፋው ሰው ተናግሮ አይደለም፤ እዚህ ያሉት፣ ቃዲውና ሴቲቱ፣ ቀኑን ቆጥረው ነው።

ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተሰቦች ስታጠና ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ ላይ መጽሐፍ አሳትማለች። ሰው ከሞተበት ይልቅ ይሙት ይኑር ያላወቀው ኀዘኑ መቋጫ እንደሚያጣ፣ ይህም የሰውዬው ድክመት ሳይሆን የሁኔታው ጠባይ እንደሆነ ታስረዳለች። የእኔን ነገር ከወታደር ሚስት ጋር ማወዳደር ድፍረት ነው፤ የሱቄን ደንበኛ ካየሁ በኋላ ይህን ለማለት አልደፍርም። «ድክመትሽ አይደለም» የሚለው ግን ለትንሹም ለትልቁም ይሠራል።

በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ወንድሜ በሌላ ስልክ ደወለለት። አነሣ፤ ስሙን ሲሰማ መስመሩ ተቋረጠ። ሁለተኛ አልደወለም። አባቴ ነገሩን ሰምተው ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ቃል ሰጥተናልና ቀን እንስጠው፤ እስከ ሸዋል መጨረሻ» አሉ። ይህ ቀን መሰጠቱ ምን ያህል እንዳቀለለኝ ለመናገር ያዳግተኛል። ከዚያ በፊት መጠበቁ የእኔ ብቻ ነበር፤ በሌሊት፣ በድብቅ፣ ያለ ልክ። አሁን የቤተሰቡ ሆነ፤ መጨረሻም አለው። ዒዱ መጣ፤ ሄደ። ሽማግሌ አልመጣም። ሸዋል ሲያልቅ ይህን ጻፍሁ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ኒካሕ የጀመርነው ንግግር ከዛሬ ጀምሮ በእኛ በኩል አብቅቷል። ቤተሰቤም ያውቃል። አላህ ለሁላችንም መልካሙን ይወፍቀን።» «ለምን?» የሚል ቃል አላስገባሁበትም። «ለምን?» ካልሁ መልስ መጠበቄ ነው። ልኬ ምልክቷ አንድ ትሁን ሁለት ሳላይ ጠቅላላውን አጠፋሁት።

ነገሩ ግን በዚህ አልተፈጸመም፤ እንዳላታልላችሁ። ከዒሻ በኋላ፣ እርሱ ይጽፍበት በነበረው ሰዓት፣ እጄ በራሱ ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር። ጋምቤላ በሙቀቱ ምክንያት ውጪ አንጥፈን እናድራለን፤ ሰማዩ ላይ ኮከብ፣ አጠገቤ ስልክ! ስለዚህ ስልኩን ማታ ማታ ለእናቴ መስጠት ጀመርሁ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ አደረግሁ። ቀኑን ሥራ ያሳልፈዋል፤ ምሽቷን ግን በሌላ ነገር መሙላት ያስፈልጋል። የጎረቤት ልጆች ቁርኣን ሲቀሩ አብሬ ቁጭ ማለት ጀመርሁ። ኢስቲኻራ የሰገድሁበትንም ነገር አሰብሁት። መልካሙን ምረጥልኝ ብዬ የለመንሁት እኔው ነኝና፣ የመጣው መልስ እኔ በፈለግሁት ቋንቋ ስላልመጣ መልስ አይደለም ማለት አልቻልሁም።

አሁን ለእናንተ ለወላጆች። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ስትመጣ «ቀድሞስ የስልክ ትዳር ምን ይሉታል?» አትበሏት። የምታተርፉት በሚቀጥለው ጊዜ ሳትነግራችሁ መቅረቷን ብቻ ነው። ቤተሰብ ማወቁ ሰውን ከመጥፋት ያግዳል ብዬ አልዋሽም፤ የእኔው ወንድሜ እያወቀው ጠፍቷል። ብቻዬን ግን አልጠበቅሁትም።

ወንድ ልጅ ያላችሁም ጠይቁት። «የምታናግራት ልጅ አለች? ምን አልሃት?» በሉት። ብዙዎቹ ዝም የሚሉት ጨካኝ ሆነው አይመስለኝም። እምቢ ማለት ያፍራሉ፤ ይሉኝታ አለ። አንዳንዱ ሥራው ይጠፋበታል፤ መህሩን ከየት አመጣለሁ ብሎ ይጨነቃል፤ ይህንንም መናገር ውርደት ይሆንበታል። ዱሮ ይህን ኀፍረት ሽማግሌው ተሸክሞለት ነበር፤ አሁን ልጁ ከአንድ ስልክ ጋር ብቻውን ቀርቷል። «አልሆነልኝም፤ አፉ በይኝ» ብሎ ለመጻፍ ሩብ ደቂቃ አይፈጅም። ካፈረ እናቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ይጻፉለት፤ ይደውሉለት።

እናቴ በርበሬውንና ቅቤውን ለቤት አዋሉት። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ቶናው ሲቀዳ፣ ጎረቤታችን «የዚያ የመሐል አገሩ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ሲኒ እያቀረብሁ ነበር፤ እጄ ቆመ። እናቴ ግን አንገታቸውን ሳይሰብሩ «ቀረ» አሉ።

«ምን ነካው?»

«እንጃለት። ሳይነግረን ነው የቀረ።»

ጎረቤታችን ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ሲኒያቸውን አስቀምጠው «የእኔንም ልጅ እንዲሁ አድርገዋታል፤ ይኸው ዓመቷ» አሉ። ልጅቷ ከእኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች፤ በየቀኑ በደጃችን ታልፋለች። በማግስቱ ወደ ሱቅ ስሄድ ጠርቻት አብረን ሄድን።